ስኳር ይዞ ግሸን መውጣት፦ ኢንሱሊኔን በረዶ ሲያበላሽብኝ

የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን እወጋለሁ። የደሴ ልጅ ሆኜ ደግሞ መስከረም 21 ግሸን ማርያምን ሳልሳለም መቅረት አይሆንልኝም። ሐኪሜ «ብትቀር ይሻልሃል» ብሎኝ ነበር። አልተስማማሁም፤ ዛሬም አልስማማም። ተዘጋጅቶ የሄደ ሰው አምባውን ይወጣል። የቸገረኝ ዝግጅቱን በትክክል የሚነግረኝ ሰው ማጣቴ ነው።

ቀላሉን ላሳጥረው። የስኳር መለኪያ፣ ስትሪፕ (ደም የሚነካበት የመለኪያው ቁራጭ)፣ ስሪንጅ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ውኃ፣ ጋቢ ያዝኩ። ዳገት ስኳር ስለሚያወርድ ሐኪሜ የጠዋቱን መጠን ቀነሰልኝ። አወጣጡም ደህና ነበር።

ያንገበገበኝ የኢንሱሊኑ ነገር ነው። ከመሄዴ በፊት ከአንድ ፋርማሲ አዲስ ብልቃጥ ገዛሁ። ግሸን እንደማድር ነገርኩት። ባለሙያው «ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይፈልጋል» አለና ከፍሪዘር ባወጣው በረዶ መሃል ሸጉጦ በፌስታል ቋጠረልኝ። ጨርቅ የለ፣ ካርቶን የለ።

ማታ ልወጋ ስል ብልቃጡን በስልክ መብራት አየሁት። የኔ ኢንሱሊን ወተት መሳይ ነው፤ በመዳፍ ሲያንከባልሉት እኩል ይዋሃዳል። ይሄኛው እምቢ አለ። ነጫጭ ፍርፋሪ ይንሳፈፍበታል፤ የብልቃጡ ግድግዳ ላይም ውርጭ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። በረዶ ሆኖ ኖሮ መልሶ ቀልጧል።

ወደ ሕክምና ድንኳኑ ሄድኩ። ተረኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «ቀልጧል እኮ፤ ነቅንቀህ ተወጋው» አለኝ። እንዴት እንዲህ ይባላል? አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል። ምን ያህል እንደሚሠራ ማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም። ጥርት ያለው ዓይነት ከሆነማ ይባስ፤ ተበላሽቶም ደህና ሊመስል ይችላል። ሌላ አላችሁ ወይ ብል የለም። ያ ሁሉ ምእመን ሲመጣ ስንቱ ስኳር እንዳለበት ማሰብ አቃታቸው? አንዲት ብልቃጥ!

ስኳሬን ስለካ 340 mg/dL አለኝ፤ በጣም ከፍ ብሏል። ውኃ እየጠጣሁ፣ እየለካሁ አነጋሁ። ሲነጋ ወርጄ ወደ ደሴ ተመለስኩ። ንግሡ ሲሆን እኔ መኪና ውስጥ ነበርኩ። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል። ያንን ብልቃጥ አለመወጋቴ ግን አይቆጨኝም። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፦ ስኳር ከፍ ብሎ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከመጣ ንጋትን አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ነው።

አሁን ሁለት ብልቃጥ እይዛለሁ። አንዱ ከጃኬቴ ውስጥ ኪስ ነው፤ ሌላው ጓደኛዬ ጋ። የግሸን ሌሊት ራሱ ፍሪጅ ነው፤ በረዶ ምን ያደርጋል? በጥቅም ላይ ያለ ኢንሱሊን ሙቀት ካልበዛበት ፍሪጅ ሳይገባ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ስወርድ ብቻ በእርጥብ ጨርቅ እጠቀልለዋለሁ። መለኪያውንም ብብቴ ሥር አደርጋለሁ፤ ሲበርደው ይሳሳታል ወይም አልሠራም ይላል።

ሌላው ስኳር ሌሊት መውረዱ ነው። የዳገቱ ድካም ስኳርን የሚያወርደው ቀን ብቻ አይደለም፤ ከሰዓታት በኋላ፣ እንቅልፍ ላይም ይመጣል። መንቀጥቀጡን ደግሞ ሰው ብርድ ነው ብሎ ጋቢ ይደርብልሃል። ስለዚህ ሳልለካና ሳልበላ አልተኛም። ከ70 በታች ከሆነ በሶ አይደርስልህም፤ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው። «ስኳር እያለብህ ከረሜላ?» የሚሉህን አትስማቸው።

ጠበሉንም እጠጣለሁ፣ መርፌዬንም እወጋለሁ። መርፌውን ተው የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

ፋርማሲው ጋ ተመልሼ ብልቃጡን አሳየሁት። «ሙቀት ይሆናል ያበላሸው» አለኝ። አሁን ከሌላ ቦታ ነው የምገዛው፤ በረዶ ሲያቀርቡልኝም አልቀበልም።