ቀልዱ ሲከሽፍበት የሚስቀው ሰውዬ

ዛሬ ከሌሊት ሥራ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዩቲዩብ ከፈትኩ። አንድ ሽበታም ሰውዬ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሲሰናበት አገኘሁት። ጆኒ ካርሰን ነው። እንግዳ የለ፣ ግርግር የለ።

ሰውዬው የአሜሪካንን የማታ የቀልድና የእንግዳ ቲቪ ፕሮግራም "ቱናይት ሾው" እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1992 መርቷል። 30 ዓመት! ለአንድ ሥራ ሦስት ዓመት መታገስ ያቃተኝ እኔ ገረመኝ።

ከዚያ የድሮዎቹን ማየት ጀመርኩ። ደስ ያለኝ ቀልዱ ሲከሽፍበት ነው። ሰው ዝም ሲል አይደነግጥም። ፊቱን ኮስተር አድርጎ ካሜራውን ያያል፣ ያኔ አዳራሹ በሳቅ ያብዳል። ለሌላውም ቦታ ይለቅ ነበር። አዲስ ኮሜዲያን ተጫውቶ ሲጨርስ ወደ ሶፋው ከጠራው፣ በቃ፣ እንጀራ ወጣለት ማለት ነው።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ከቴሌቪዥን ጠፋ ማለት ይቻላል። ቤቱ ሆኖ ግን ቀልድ እየጻፈ ለሌላው የማታ ሾው አቅራቢ ለዴቪድ ሌተርማን ይልክለት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 በ79 ዓመቱ በሳንባ በሽታ አረፈ። ሲጋራው ነው መሰለኝ፤ በድሮዎቹ ቪዲዮዎች ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ያጨሳል።

ባለቤቴ ተነስታ "በጠዋቱ ከማን ጋር ነው የምትስቀው?" አለችኝ። ስልኩን ወደ እሷ ሳዞር ቡናው ገነፈለ።