ጅራፌ እስኪጮህ

ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ የ11 ዓመት ልጄ «አባ፣ ጅራፍ ግመድልኝ» አለኝ። የምንኖረው ሱሉልታ ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሜዳው የሚጀምርበት። ነሐሴ ሲገባ እዚህ ሰፈር ከየአቅጣጫው የጅራፍ ድምፅ ይሰማል። እረኞቹ እስከ ቡሄ፣ እስከ ነሐሴ 13 ድረስ ሲፎካከሩ ይሰነብታሉ። የኔ ልጅ የያዘው ግን ከገበያ የተገዛ የላስቲክ ገመድ ነበር። ያፏጫል እንጂ አይጮህም።

እኔ ያደግኩት መሀል ከተማ ነው። ሆያ ሆዬ ጨፍሬአለሁ፣ ሙልሙልም ተቀብያለሁ። ጅራፍ ግን ገምጄ አላውቅም። እሺ አልኩት።

ገበያ ሄጄ ቃጫ ገዛሁ። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌው አደረ፤ ሳይለሰልስ ከጎነጎኑት እጅ ይቆርጣል፣ ጉንጉኑም ይላላል። በሦስት ዘለላ ከፍዬ ጎነጎንኩትና 3 ሜትር አደረስኩት። ከላይ እስከ ታች የአውራ ጣት ውፍረት ነበረው። ከባሕር ዛፍ ዱላ እጀታ አበጀሁለት። ሲደርቅ ይዘን ወጣን።

«ፉው» አለ። ደግሜ ብወነጭፈውም «ፉው»። ጉልበት የጎደለኝ መሰለኝና ባለ በሌለ ኃይሌ አሽከረከርኩት። ትርፉ ሦስት ቀን ሙሉ የትከሻ ሕመም ሆነ።

መፍትሔው የመጣው ከአጥር ማዶ ነው። ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ልጅነታቸውን ያሳለፉት ከብት በመጠበቅ ነው። ጅራፉን ተቀብለው ከእጀታው እስከ ጫፉ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ገመዱን በደንብ ጎንጉነኸዋል ልጄ» አሉኝ። «ግን ጫፉ ከሥሩ እኩል ወፈረ። ይሄ በምን ይፈጥናል?»

ቀጥለው የነገሩኝ ነገር ነው ጉዳዩን ያበራልኝ። ተኩስ ልምምድ ላይ ዒላማ የሚያነሱና የሚያወርዱ ወታደሮች ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣሉ። ጥይቱ ከራሳቸው በላይ ሲያልፍ መጀመሪያ «ጧ!» ይላል። «ዱም» የሚለው የጠመንጃው ድምፅ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። «ጧ ያለው ጠመንጃው እንዳይመስልህ» አሉኝ። «ጥይቱ አየሩን ሲሰነጥቀው ነው። ጅራፍም እንደዚያው ነው፤ ምንም ነገር ሳይነካ ባዶ አየር ላይ ነው የሚጮኸው።»

እውነታቸውን ነው። አየሩ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የድምፅን እጥፍ ማለት ነው። አየሩ ከፊቱ ገለል ለማለት ጊዜ ስለማያገኝ ይታመቃል፤ ያ የታመቀ አየር ጆሯችን ሲደርስ «ጧ» ይላል። ኤርንስት ማክ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ይህንኑ የጥይት ማዕበል ፎቶ አንስቶ በ1887 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። ዛሬ የድምፅ ፍጥነት «ማክ 1» የሚባለው በእሱ ስም ነው። ከዚህ ፍጥነት በታች የሚሄድ ጥይትም አለ። ሕጉ በሚፈቅድባቸው አገሮች አንዳንድ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች የሚመርጡት እሱን ነው፤ የጠመንጃው ድምፅ ይሰማል እንጂ መንገድ ላይ ያ ስንጥቅታ የለውም። የኔ የመጀመሪያ ጅራፍ እንደዚያ ጥይት ነበር። ይሄዳል፤ ድምፅን ግን አይቀድምም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። ሰፈር ውስጥ «ሱሉልታ ደጋ ስለሆነ፣ አየሩም ስስ ስለሆነ ጅራፍ ቶሎ ይጮኻል» የሚሉ አሉ። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው ግን ሙቀቱ እንጂ ከፍታው አይደለም። በብርድ ድምፅ ትንሽ ስለሚዘገይ ጅራፍ ሊቀድመው ይቀላል፤ ግን ጠዋት 10 ዲግሪ ሲሆንም በሰከንድ 337 ሜትር ነው። ከ20 ዲግሪው ጋር ያለው ልዩነት 6 ሜትር ብቻ። ለዚህ ብሎ በብርድ መነሳት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ሙከራዬ ላይ አቋራጭ ፈለግኩ። የወፍራሙን ጅራፍ ግማሽ ቆርጬ ቀጭን ሲባጎ ቋጠርኩበት። ከአሥር ጊዜ አንዴ ጮኸ። ጋሼ ቋጠሮውን አይተው «ጉልበትህን የሚበላው ይሄ ነው» አሉ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እጃችን የሰጠው ጉልበት በገመዱ ላይ እየተጠቀለለ ወደ ጫፉ ይሄዳል። ገመዱ እየቀጠነ ሲሄድ ያው ጉልበት የሚያንቀሳቅሰው ክብደት እያነሰ ይመጣል፤ ስለዚህ ይፈጥናል። ሰፊ ቦይ እየጠበበ ሲሄድ ውሃው እንደሚፈጥነው ማለት ነው። ቦዩ መሀል ላይ ድንጋይ ካለ ግን ውሃው ይበተናል። የኔ ቋጠሮ ያ ድንጋይ ነበር።

ሦስተኛውን ስሠራ ቸኩዬ አልነበረም። ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ሥሩ ላይ እያንዳንዱን ዘለላ የእርሳስ ውፍረት አደረግኩት። ከዚያ አንድ ስንዝር በጎነጎንኩ ቁጥር ከሦስቱም ዘለላ እኩል ጥቂት ጥቂት ክር እየቀነስኩ ሄድኩ። እኩል መሆን አለበት፤ ከአንዱ ብቻ ከተቀነሰ ጅራፉ ይጣመማል። መጨረሻው ላይ የወፍራም መርፌ ያህል ቀጠነ። ጫፉ ላይ አንድ ስንዝር ሲባጎ ከጉንጉኑ ጋር አብሬ ገመድኩት፤ አልቋጠርኩትም። የመጨረሻዋን ሁለት ጣት በተንኳት። ይቺ የሲባጎ ጫፍ ቶሎ ታልቃለች፤ በሦስትና በአራት ቀን መቀየር አለባት። እርጥብ ሣር ላይ የተጎተተ ጅራፍም ጫፉ ውሃ ጠጥቶ ስለሚከብድ ድምፁ ይታፈናል። ነሐሴ ውስጥ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ደረቅ ሣር የለምና የኛን ሁልጊዜ ትከሻችን ላይ ነው የምንይዘው።

አወነጫጨፉን ያስተማሩኝም ጋሼ ናቸው። ጅራፉን ከራስ በላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ዝግ ብሎ ማሽከርከር፣ ከዚያ በድንገት አቅጣጫውን መገልበጥ ነው። ያ ግልበጣ ገመዱ ላይ ቀለበት ይፈጥራል። ቀለበቱ ወደ ጫፉ ይሮጣል። አላን ጎሪሊ እና ታይለር ማክሚለን የተባሉ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ያሳዩትም ይህንኑ ነው፤ የጩኸቱ ምንጭ በገመዱ ላይ የሚሮጠው ቀለበት ነው። ጋሼ እረኛ ሳሉ በእጃቸው ያወቁትን ሒሳቡ ሲያረጋግጥላቸው በማየቴ ከልቤ ደስ አለኝ።

የዚያን ቀን በመጀመሪያው ግልበጣ «ጧ!» አለ። ልጄ ጮኾ ዘለለ። እኔም።

በስልኬ በዝግታ ልቀርጸው ሞክሬ ነበር፤ በሰከንድ 240 ምስል ያነሳል። ጫፉ ግን አይታይም። የድምፅን ፍጥነት የያዘ ነገር ከአንዱ ምስል እስከ ቀጣዩ ወደ 1 ሜትር ተኩል ይሄዳል።

ይህን ያህል የሚፈጥን ነገር ቀልድ አይደለም፤ ለወላጆች አደራ የምለው ይህንን ነው። አንድ ቀን ጫፉ ተመልሶ ጉንጬን ሸነተረኝ። ሁለት ጣት ከፍ ቢል ዓይኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጄ መነጽርና ሰፊ ኮፍያ ሳያደርግ አይነካውም። በዙሪያው 5 ሜትር ውስጥ ሰውም ከብትም አይቆምም። ለጆሮው ጥጥ እሰጠዋለሁ፤ ጩኸቱ የሚፈነዳው ከራሱ ብዙም ሳይርቅ ነውና።

በቡሄ ዋዜማ ዝናቡ ሲያባራ ሜዳው ላይ ወጣን። ጋሼም ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። ጅራፉ የሚጮኸው በደብረ ታቦር ተራራ የተሰማውን ድምፅ ለማስታወስ እንደሆነ ለልጆቹ ነገሯቸው። ልጄ ወነጨፈ። «ጧ!» ከኮረብታው ባሕር ዛፍ መልሶ አስተጋባ። ደግሞ ወነጨፈና በስልኬ ሰዓት ያዝን። 2 ሰከንድ።

«ድምፁ ደርሶ መልስ ነው የሄደው» አልኩት። «ስንት ይሆናል?»

በጣቱ አሰበ። «ባሕር ዛፉ 340 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው?»

ጅራፉን ለጋሼ ሰጣቸውና እየቆጠረ በእርምጃ ሊለካው ሄደ።