የዛሬው ብርጭቆ፦ ኦትሚል ስታውት
የዛሬው ቅምሻ የአንደርሰን ቫሊ ቢራ ጠማቂ «ባርኒ ፍላትስ» ነው፤ በካሊፎርኒያዋ ቡንቪል የሚጠመቅ የአጃ ስታውት፣ ማለትም አጃ የተጨመረበት ጥቁር ቢራ። ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው ከተቀዳ ግን ፍርዱ ይበላሻል፤ ቅዝቃዜው ሽታውን ያፍነዋል። ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ። አረፋው ሳይወርድ መጀመሪያ ማሽተት ነው፦ የተቆላ ገብስ፣ ቸኮሌት፣ ቡና። ጠላ የሚያውቅ አፍንጫ አሻሮውን ወዲያው ይለየዋል።

አጃው የሚዳኘው ከጣዕሙ ይልቅ በልስላሴው ነው። ቢራውን የሚያወፍረው ቤታ ግሉካን የሚባለው ሙጫማ ነገር ነው። ከጠቅላላው እህል ከ5 እስከ 10 በመቶ አጃ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ሲበዛ ድፍድፉ ይጣበቅና አልጠልም ይላል፣ የአጃው ቅባትም አረፋውን ያጠፋዋል። ይህኛው ወፈር ያለ ነው፣ ግን አያንገፈግፍም። ልኩን አግኝቷል።

እርጥብ ካርቶን ከሸተተ አየር ገብቶበት አርጅቷል። ቅቤ ቅቤ ካለ ዲያሴቲል የሚባለው ከእርሾው ሥራ የሚመጣ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ቢራው ቀዝቅዟል ማለት ነው። ምላስ የሚያደርቅና ጉሮሮ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ እህሉ የታጠበበትን ውሃ ጠርጥሩ፤ ከ77 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ከገለባው ታኒን የሚባለውን አፍ የሚያደርቅ ነገር ያወጣል። ትንሽ ኮምጠጥ ማለቱን ግን እንደ ጉድለት አትቁጠሩበት፣ ከተቆላው ገብስ የመጣ ነው።