ያልተጠረገው ፋንድያ

ዱባይ ፈረስ ጋጣ ውስጥ ስሠራ አለቃዬ የአገሬ ሰው ነበሩ። ሱዳን ከርመው የመጡ፣ ጥርሱን ሳያዩ የፈረስ ዕድሜ ከአረማመዱ የሚናገሩ። ዕውቀታቸውን አልክድም።

በፈረንጆቹ መጋቢት 2001 ነው። ናድ አል ሺባ የሩጫ ሜዳ ላይ ለሚካሄደው ዱባይ ሺማ ክላሲክ ለሚባል የፈረስ ውድድር የውጭ ፈረሶች ገብተዋል። ከጃፓን የመጣውን ስቴይ ጎልድን ጠዋት ለልምምድ ሲወጣ አጥሩ ጋ ቆመን አየነው። ትንሽ ነው፤ 430 ኪሎ ገደማ። ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፏል። አመለኛ ነው፣ ይናከሳል ተብሏል። በአገሩ ትልልቅ ውድድሮች 4 ጊዜ ሁለተኛ ወጥቶ አንዴም አላሸነፈም።

"አንተ ልጅ፣ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። ይሄ ግን ሊዋጋ የመጣ ነው" አሉኝ።

"ቢያሸንፍስ ጋሼ?"

"ፋንታስቲክ ላይትን? እሱን ካሸነፈ የሳምንት ፋንድያህን እኔ እጠርጋለሁ!"

እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኩም። ፋንታስቲክ ላይት የዓምናው አሸናፊ ነው። ግን የዚያን ዕለት የራሴ ፈረስ ትከሻዬን ነክሶኝ እሳቸው ስቀውብኛል። እልህ ነው ያናገረኝ።

መጋቢት 24 ማታ፣ ሣር ላይ፣ 2400 ሜትር። መጨረሻው ሲቃረብ ፋንታስቲክ ላይት መራ። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ። ፈገግ ሲሉ ፈረሶቹ መስመሩን አለፉ። ፎቶ ታየ፤ ዩታካ ታኬ የጋለበው ስቴይ ጎልድ በአፍንጫ ቀድሟል።

በማግስቱ አካፋዬን በሩ ላይ አስደግፌ ጠበቅኳቸው። "ደህና አደርክ?" ብለው አካፋውን አንስተው አቀበሉኝ። በቃ።

ጥቅምት ላይ ስቴይ ጎልድ አገሩ ኪዮቶ ውስጥ አንደኛ ገብቶ፣ የሌላ ፈረስ መንገድ ዘጋ ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘ። ጋሼ ይህን ለሦስት ቀን አወሩት። (ልጁ ኦርፌቭርም በ2011 ትልቅ ውድድር አሸንፎ፣ መስመሩን ካለፈ በኋላ ጋላቢውን ጣለው። ዘር ከልጓም ይስባል።)

ታኅሣሥ 16 ሆንግ ኮንግ ሻ ቲን ላይ 50ኛውንና የመጨረሻውን ሮጠ። መኝታ ክፍላችን ውስጥ በቴሌቪዥን አየነው። ፍራንኪ ደቶሪ የጋለበው ኤክራር ርቆ ሄዷል። የእኛው ደግሞ እንደ አመሉ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል።

"አላልኩህም? አመል!"

ታኬ በግራ ልጓም መለሰው። ሲቃና ግን በረረ። መስመሩ ላይ በጭንቅላት ቀደመ። የዱባዩ ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ነበር፤ አሁን በጃፓን ተወልዶና ሠልጥኖ በውጭ አገር አንደኛ ደረጃ ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ፈረስ ሆነ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ዘጠኝ ወር የያዝኩትን አወጣሁት።

"ጋሼ፣ ፋንድያውስ?"

"የትኛው ፋንድያ?" አሉና ቴሌቪዥኑን ዘጉት።