መዥገር አይሮጥም

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ስሠራ፣ የወረዳ ባለሙያዎች በቴሌግራም የሚልኳቸውን ፎቶግራፎች እያየሁ የጥገኛ ተሕዋስያኑን ዓይነት መለየት የእኔ ድርሻ ነበር። ናሙና በአልኮል ተነክሮ በመኪና እስኪደርሰን ድረስ ብዙ ቀን ስለሚፈጅ፣ ለመጀመሪያ ምክር ፎቶ ይበቃል በሚል የጀመርነው አሠራር ነው። አሠራሩ ዛሬም መጥፎ አይመስለኝም፤ ጥፋቱ የእኔ የአስተያየት ችኮላ ነበር።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ፣ መንዝ ውስጥ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን አንድ ፎቶ ላኩልኝ። ጥቅጥቅ ባለ የበግ ፀጉር መካከል ጠፍጣፋና ቡናማ የሆነ፣ ቆዳው ጠንከር ያለ የሚመስል ነገር ተጣብቆ ይታያል። እግሮቹን ፀጉሩ ሸፍኗቸዋል፤ አጠገቡም መጠኑን የሚያሳይ ምንም ነገር የለም። ከፎቶው ሥር፣ «ዶክተር፣ በጎቹ ሰውነታቸውን ካጥር ጋር እየፈተጉ ፀጉራቸው ተነጫጭቷል፤ ከስተዋልም። የበጎቹ ባለቤት የሆኑት ሴትዮ ግን መዥገር አይደለም፣ ይሮጣል ይላሉ» የሚል መልእክት ነበር። እኔም ቅርጹን ብቻ አይቼ፣ መዥገር መሆኑን፣ ዲያዚኖን የተባለውን የተባይ መድኃኒት በትክክለኛው መጠን በጥብጠው አንድ ጊዜ ቢረጩ እንደሚበቃ ጻፍኩላቸውና ወደሚቀጥለው ፎቶ አለፍኩ። «ይሮጣል» የምትለዋን ቃል ማንበቤን አስታውሳለሁ፤ እንደ ማስረጃ ግን አልቆጠርኳትም።

አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ደወሉልኝ። «ዶክተር፣ ያ መዥገር ያሉኝ ነገር ተመልሶ መጣ» አሉ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ መድኃኒቱ ቀጥኖ ይሆናል የሚል ነበር፤ ነገር ግን እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ በግ ሲረጩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ሳልጠይቃቸው የበጠበጡበትን መጠን ከነሊትሩ ነገሩኝ። ስሕተት አልነበረበትም። ያን ጊዜ ጥቂቶቹን ይዘው በነጭ ወረቀት ላይ እንዲያስቀምጧቸው፣ አጠገባቸው የአንድ ብር ሳንቲም እንዲያኖሩ፣ በጀርባም በሆድም በኩል እንዲያነሱልኝ ለመንኳቸው። ፎቶ ሆኖ ሲላክ ቴሌግራም ጥራቱን ስለሚቀንሰው፣ በፋይል መልክ ይሁን አልኩ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የነፍሳትን እግርና ጥፍር ከሚያጠፉብን ነገሮች አንዱ እርሱ ነው።

ሁለተኛው ፎቶ ሲደርሰኝ ነገሩ ተገለጠ። ጭንቅላት፣ ደረትና ሆድ ለየብቻ ይታያሉ፤ መዥገር ግን አካሉ እንዲህ አይከፋፈልም። እግሮቹ ስድስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ፀጉር ጨምድዶ ለመያዝ የተሠራ ጠንካራ ጥፍር አላቸው። እርግጥ ገና ከእንቁላል የወጣ የመዥገር እጭም እግሩ ስድስት ነው፤ ይሁን እንጂ እርሱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ነቁጥ ሲሆን፣ ከሳንቲሙ ጎን የተኛው ግን አምስት ስድስት ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ክንፍ አልባው የበግ ዝንብ፣ ሜሎፋገስ ኦቪነስ ነበር፤ የስሙ የመጀመሪያ ክፍል ከግሪክኛ ሲፈታ «በግ በሊታ» ማለት ነው። ክንፍ የሌለውን ነገር ዝንብ ብሎ መጥራት ለሰሚው እንግዳ ቢሆንም በዘሩ ግን ዝንብ ነው። ብርድ ስለሚስማማው እንደ መንዝ ባለ ደጋ ላይ መገኘቱ የሚያስገርም አልነበረም፤ ያስገረመኝ እኔ አስቀድሜ አለማሰቤ ነው።

የተመለሰበትም ምክንያት አኗኗሩ ውስጥ ነው። መዥገር መሬት ወርዶ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ሲጥል፣ ይህ ዝንብ ግን ዕድሜውን በሙሉ በበጉ ላይ ይኖራል፤ እንስቷም እንቁላል አትጥልም። አንዱን እጭ በሆዷ ይዛ ወተት መሰል ፈሳሽ እየመገበች ታሳድገውና፣ ሲደርስ ወልዳ ከፀጉሩ ጋር ታጣብቀዋለች። እጩ ወዲያው ቆዳው ጠንክሮ ሙሽሬ ይሆናል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም፣ ብርድ ሲበረታ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ፣ አዲስ ዝንብ ይወጣዋል። የሚረጨው መድኃኒት በፀጉሩ መካከል የሚሮጠውን ይገድላል፤ በሙሽሬው ቅርፊት ውስጥ ያለውን ግን አያገኘውም። ስለዚህ የእኔ «አንድ ጊዜ» የሚለው ምክር ለአንድ ወር ያህል ብቻ ፋታ የሚሰጥ ነበር።

ይህን ካወቅሁ በኋላ የመጀመሪያውን ፎቶ መልሼ ከፍቼ አጎላሁት። በቀኝ ጥግ ላይ፣ ፀጉሩ ውስጥ ተጣብቀው የሚያብረቀርቁ ሦስት ቀይ ቡናማ ፍሬዎች አሉ። ያን ዕለት አይቻቸው የሣር ዘር መስለውኝ ነበር።

ለቴክኒሻኑ ደውዬ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ከነገርኳቸው በኋላ፣ በጎቹ ቢሸለቱ ከዝንቡም ከሙሽሬውም አብዛኛው ከፀጉሩ ጋር እንደሚወገድ፣ ከዚያም በአራት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ እንዲረጩ አስረዳሁ። ባለቤቷ አጠገባቸው ስለነበሩ ስልኩን ተቀበሉ። «ልጄ፣ በዚህ ውርጭ በጌን ራቁቷን ላቁማት? ፀጉሩንስ ለባና የምሸልተው በጊዜው ነው» አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ መሸለቱን ትተን በርጭቱ ብቻ ተስማማን፤ ከጎረቤት መንጋም ጋር እንዳይቀላቀሉ ጠየቅኋቸው፤ በንክኪ ከበግ ወደ በግ የሚሻገር ነውና። ከመሰነባበታችን በፊት ስለ ሩጫው እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኋቸው። «መዥገር እኮ ከነከሰ ተተክሎ ነው የሚቀረው። ይሄ ፀጉሩን ስገልጠው ሽው ይላል። ለእኚህም ነግሬያቸው ነበር» አሉ።

መጋቢት ላይ ከቴክኒሻኑ ሌላ ፎቶ በፋይል መጣልኝ። የአንዲት በግ ፀጉር በሁለት ጣት ተገልጦ ንጹሕ ቆዳዋ ይታያል፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ከቆዳዋ ላይ ግን የአንድ ብሩን ሳንቲም አስቀምጠውልኛል።