በጭብጨባ የተመረመረ ጆሮ

ልጄ ሁለት ዓመት ሲሞላው የሚላቸው ቃላት ስድስት ነበሩ። ቆጥሬያቸዋለሁ። በዚያ ዕድሜ ብዙ ልጆች 50 ያህል ቃል ይላሉ፤ «እማዬ ነይ» እያሉ ሁለት ቃል መግጠምም ይጀምራሉ። የእኔ ልጅ ግን እጄን ይዞ ወደፈለገው ነገር ይጎትተኛል እንጂ አፉን አልፈታም።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ተመዘነ፣ ጉሮሮው ታየ። ከዚያ ሐኪሙ ከኋላው ቆሞ አጨበጨበ። ልጄ ዞረ። «ጆሮው ደህና ነው። ወንድ ልጅ ሲናገር ይዘገያል፤ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ይጠብቁ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ደስታዬ ነው።

ስምንት ወር ጠበቅኩ። ስጠራው አንዳንድ ቀን ይዞራል፣ አንዳንድ ቀን አይዞርም። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተቆጣሁት! ደግሞ «ውሃ» ካላልክ አልሰጥህም እያልኩ ኩባያውን ከፍ አድርጌ እይዝበት ነበር። ያለቅሳል። ቃል አልወጣውም፤ ውሃ ሲያይ መነጫነጭ ግን ለመደ። ይህንን ማንም እንዳያደርገው።

አንድ ማታ ጀርባዬን ሰጥቼው ልብስ አጥፋለሁ። «ኳሷን አምጣት» አልኩት። ዝም። ደገምኩ። ዝም። ዞር ብዬ ፊቴን እያየ ያንኑ ስለው ብድግ ብሎ ሮጠ። ልብሱ ከእጄ ወደቀ። ልጄ ለካ የሚያዳምጠው በዓይኑ ነው።

እንደገና ለምርመራ ወሰድኩት። ትክክለኛው የመስማት ምርመራ ምንም አያሳምምም። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ቀጭንና ወፍራም ድምፅ ቀስ በቀስ እየቀነሱ ያሰሙታል። ጆሮው ላይ ትንሽ መሰኪያ አድርገው ደግሞ ታምቡሩ፣ ማለትም ድምፅ ሲመታው የሚርገበገበው የጆሮ ውስጥ ስስ ሽፋን፣ በአየር ግፊት መንቀሳቀሱን ያያሉ። የልጄ ታምቡር አልተንቀሳቀሰም። ከኋላው ፈሳሽ ተጠራቅሟል። ትኩሳት የለው፣ ሕመም የለው፣ በምን ልወቅ?

ጭብጨባ ኃይለኛ ድምፅ ነው። ጭብጨባ የሰማ ልጅ «ስ» እና «ፍ»ን ላይሰማ ይችላል። ቃል ደግሞ የሚለየው በእነዚህ ስስ ድምፆች ነው። ፈሳሹ አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ይቀንሳል፤ አንድ ቀን ዞሮ ሌላ ቀን የማይዞረው ለዚህ ነበር። ያንን ሐኪም አሁንም አልማርኩትም። ይጠብቁ ማለቱ ብቻ አይደለም፤ ጆሮው ደህና ነው ብሎ ሌላ ቦታ እንዳልሄድ አድርጎኛል። ወንዶች በአማካይ ዘግየት ማለታቸው እውነት ነው። አማካይ ግን ስለ እኔ ልጅ ጆሮ ምን ያውቃል?

እንዲህ ያለ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ በራሱ ይደርቃል። የእሱ አልደረቀም፤ ታምቡሩ ላይ ትንሽ ቱቦ ገባለት።

ቃሉ ግን በማግስቱ አልመጣም። ያ የቤት ሥራ ነበር። «ይሄ ምንድን ነው?» እያሉ መፈተን አቆምኩ። ወለል ላይ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ፣ እሱ ያየውን ነገር ስሙን እጠራለታለሁ። «ኳስ» ካለ «ትልቅ ኳስ» እላለሁ፤ አንድ ቃል ብቻ እጨምራለሁ። መጽሐፍ አንብቡለት የሚለውን ምክር እንደ ወረደ አልተቀበልኩትም። ጽሑፉን ትቼ ጣቱ ያረፈበትን ሥዕል ብቻ እናወራለን። በእጁ ሲጠቁም ይሰንፋል ያሉኝን አልሰማኋቸውም። ምልክት ንግግርን አያስቀርም። ሁለት ቋንቋ አደናገረው ያሉኝም ተሳስተዋል።

ከሁሉም የከበደኝ ዝም ማለት ነው። መኪናውን ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ከትቼ ሰጠሁት። ታገለው፣ አቃተው፣ ወደ እኔ ዘረጋው። በልቤ እስከ አሥር መቁጠር ጀመርኩ። ቃል ባይወጣውም አሥር ላይ ልከፍትለት ወስኛለሁ። ሰባት ላይ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ፈቺ» አለኝ። ክዳኑን ስከፍት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልጃችሁን አጨብጭበው ደህና ነው ካሏችሁ የታምቡርና የመስማት ምርመራ ብላችሁ በስሙ ጠይቁ። እንቢ ካሉ ሌላ ቦታ ሂዱ። የሚላቸውን ቃላት መርሳት ከጀመረ ደግሞ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ውሰዱት።