የክልል ጋዜጣን ተጽዕኖ እንዴት እንዳጠናሁና ከጥናቱ የተማርኩት

ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጠኝነት ሲጻፍ ታሪኩ ከ‹አእምሮ› ጋዜጣ ተነሥቶ በ1917 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተው ‹ብርሃንና ሰላም› ይሻገርና ከመዲናዋ ሳይወጣ ያልቃል። ይህ ስለሚቆጨኝ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ባሕር ዳር ላይ የሚዘጋጀው የአማራ ክልል ጋዜጣ ‹በኵር› በአካባቢው ፖለቲካ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ኑሮ ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ ለማጥናት ተነሣሁ።

ጥራዞቹን ከዳር እስከ ዳር ከማንበብ ይልቅ ጊዜያቸው በውል የታወቀ ሦስት ጉዳዮችን መረጥሁ፤ እነርሱም የ1989ኙ የገጠር መሬት ሽግሽግ፣ የጋብቻን ዕድሜ በ18 ዓመት የወሰነው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 እና ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የጣናን ሐይቅ የወረረው እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም ናቸው። በማስታወሻዬም ዜናውን፣ ርእሰ አንቀጹንና የአንባብያንን ደብዳቤ ለየብቻ እየመዘገብሁ፣ ጽሑፉ ከውሳኔው በፊት ወይስ በኋላ እንደ ወጣ በጎኑ አሰፍር ነበር።

በፖለቲካው በኩል፣ ማለትም በመሬት ሽግሽጉ ላይ፣ ብዙ አልቆየሁም። የክልሉ መንግሥት የሚያስተዳድረው ጋዜጣ ውሳኔን ከማስለወጥ ይልቅ የተወሰነውን ለሕዝብ ማድረስ ይቀናዋልና፣ በዚህ ረገድ ተጽዕኖውን ማጋነን አይገባም ባይ ነኝ።

ያለ ዕድሜ ጋብቻን በተመለከተ ግን መምህራንን ማነጋገሬ ብዙ ጠቀመኝ። በትምህርት ቤት ጋዜጣ የሚደርሰው ለገዛው ሰው ብቻ አይደለም፤ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተማሪዎች አሳጥረው በጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ሲያነቡት፣ ጋዜጣ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ልጅም ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ የወጣበትን ወር ከቀኑ አስበልጬ ማየት ጀመርሁ። በታኅሣሥ የሚወጣ ጽሑፍ ከጥር ሰርግ በፊት ለመምህሯም ሆነ ለልጅቱ ይደርሳል፤ በየካቲት የሚወጣው ግን የሆነውን ከመመዝገብ አያልፍም።

አብዝቼ የቆየሁት እምቦጩ ላይ ነው። በፎገራ በኩል ወደ ሐይቁ ዳር በወረድሁበት ቀን ገበሬዎች ደረታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው አረሙን ሲነቅሉ ዋሉ፤ ለእረፍት ሲወጡ የልማት ሠራተኛዋ ስለ አረሙ የተጻፈ የጋዜጣ ገጽ ዘርግታ አነበበችላቸው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት እንደሚቆይ ስታነብ አንድ አዛውንት አቋረጧት።

«ልጄ፣ ዘሩ እንዲህ ከሆነ እኛ ቅጠሉን ነቅለን ምን ልናተርፍ ነው?»

«ለዚህ እኮ ነው አባቴ ሳያብብ ይነቀል የሚባለው፤ የነቀሉትንም ከውኃው አርቀው ይከምሩት።»

አዛውንቱ ተነሥተው ከዳር የተጣለውን ክምር በመንሽ ወደ ላይ ይገፉ ጀመር። የሳይንስ ጽሑፍ ተጽዕኖ የምለው ይህን ነው፤ አንባቢው ያልገባውን እንዲጠይቅና በነጋታው የሚሠራው ነገር እንዲኖረው ማድረግ። ዘመቻ የወጣውን ሕዝብ ብዛት ብቻ የሚናገር ዜና ይህን አያደርግም። የርብና የጉማራ ወንዞች ከላይኛው ማሳ ጠርገው የሚያመጡት አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተሞች የሚወጣው ፍሳሽም ተጨምሮበት፣ አረሙን እንደሚመግበው የሚያስረዳ ጽሑፍ ግን ነገሩን ከሐይቁ ዳር አውጥቶ ከላይ የሚያርሰውንም ሆነ የከተማውን ነዋሪ ባለጉዳይ ያደርገዋል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ አንድ ጊዜ ወጥቶ መቅረት የለበትም፤ እምቦጭ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል፣ ጉዳዩን በዓመት አንዴ የሚያነሣ ጋዜጣ ሊደርስበት አይችልም።

በሌላ ክልል ተመሳሳይ ጥናት የሚጀምር ሰው መጀመሪያ ጋዜጣው ለማን እንደሚነበብ ይጠይቅ፤ የስርጭት ቁጥር ብቻውን ስለ አድማጮቹ የሚነግረን የለምና። የጋዜጣ ወረቀት እየደረቀ በእጥፋቱ ላይ ስለሚቆረስ፣ ማስታወሻ ከመያዙ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ቀኑና የገጽ ቁጥሩ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ ያንሣው፤ የአንባብያን ደብዳቤ ያለበትን ገጽ ደግሞ ከሁሉ ያስቀድም።